የእህል በረንዳ ሚዛንና የምሽቱ ዜና

ጋዜጣ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሰፊው ሕዝብ ዓይንና ጆሮ ናቸው ሲባል ኖሯል። አባባሉ በመሠረቱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይን ማየት፣ የዚህም ጆሮ መስማት በተግባር የሚፈተነው በበዓል ቀን በአደባባይ ሳይሆን በአዘቦት ቀን፣ ሠርቶ አደሩ የዕለት ገቢውን ይዞ ለልጆቹ እህል ሊሸምት በሚወጣበት ሰዓት ነው። ስለሆነም በዛሬው ሐተታችን የመገናኛ ብዙኃንን ሥራ የምንመለከተው ከስብሰባ አዳራሽ ወጥተን፣ አዲስ ከተማ ወርደን፣ መርካቶ እህል በረንዳ ላይ ቆመን ይሆናል። የምናነሣውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ስለ ኑሮ የሚነገረው ዜና ለኑሮው ባለቤት ምን ይፈይዳል?

መርካቶ የዛሬ ቦታውን የያዘው በፋሺስት ኢጣልያ የወረራ ዘመን፣ ወራሪው ኃይል የአራዳውን ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንሥቶ «የአገሬው ሰው ገበያ» በማለት ወደ ምዕራብ ባዛወረው ጊዜ ነው። ከፋፍሎ ለመግዛት የተሠራው ገበያ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ በኢትዮጵያውያን ጉልበትና ብልሃት የመላ አገሪቱ የንግድ መናኸሪያ ሆነ። ከዚያ ሰፊ ገበያ ውስጥ እህል በረንዳ የራሱ ክብደት አለው። ከሸዋና ከጎጃም ጤፍ፣ ከአርሲና ከባሌ ስንዴ፣ ከወለጋ በቆሎ የጫኑ መኪኖች ወደዚያ ይገባሉ። ጫኝና አውራጁ፣ ደላላው፣ ባለሚዛኑ፣ እህል የምታበጥረው እናት፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ከሸማቾች ማኅበር የተላከው ገዢ፣ ሁሉም በዚያ ይገናኛሉ። የገበሬው ድካምና የከተሜው ችግር ፊት ለፊት የሚተያዩበት ሥፍራ ይኸው ነው።

በዚህ ገበያ ውስጥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። የሚያውቅ ገዢ የጆንያው አፍ ተከፍቶ ከላይ የሚታየውን እህል ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። ጆንያውን በሹል ብረት ጎኑ ላይ ወግቶ ከመሐሉ ያወጣል። በመዳፉ ላይ ዘርግቶ አፈሩን፣ ጠጠሩንና እንክርዳዱን ይለያል። ከዚያ በኋላ እህሉ ወደ ሚዛን ይወጣል፤ ዋጋውም ይነጋገሩበታል። ሻጩ በዚህ አይቀየምም፤ የገበያው ሕግ ነውና። ታዲያ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ ማታ በቴሌቪዥን የሚቀርብለትን ዜና ለምን ሳይመዝን ይቀበላል? ዜና አቅራቢውስ ሳይመዘን እንዲያልፍለት ለምን ይጠብቃል?

በእህል በረንዳ ዙሪያ ባሉ ሻይ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከሙ የዋሉ ሰዎች ማታ በዚያ ይቀመጣሉ፤ ዜናም ይሰማል። «ገበያውን ለማረጋጋት እየተሠራ መሆኑ ተገለጸ» ይባላል። ስብሰባ ይታያል፤ የውኃ ጠርሙሶች በረድፍ የተደረደሩበት ጠረጴዛም ይታያል። ዋጋው ስንት እንደነበረና ስንት እንደሆነ ግን አይነገርም። ይህን ጊዜ ከአንዱ ጥግ «እንግዲያው ከቴሌቪዥኑ ገዝተን እንግባ» የሚል ፌዝ ይነሣል፤ ሌላውም ይስቃል። ይህን ፌዝ አቅልለን ልናየው አይገባም። ሠራተኛው በዜና ላይ መሳቅ ከጀመረ፣ እውነተኛ አደጋ በሚነገርበት ቀን ላያምን ይችላልና።

እንግዲህ ጉድለቱ ምን ላይ እንደሆነ ዘርዝረን እንመልከት።

አንደኛው ጉድለት ባለቤት የሌለው አነጋገር ነው። «ተገለጸ፣ ተመለከተ፣ ተጠቆመ፣ ታወቀ» የሚሉት ግሦች በቋንቋችን ውስጥ የራሳቸው ቦታ አላቸው። ነገር ግን የዜና ሁሉ መክፈቻና መዝጊያ ሲሆኑ ተናጋሪውን ከተጠያቂነት ያወጣሉ። ማን ገለጸ? ገበያ ወርዶ አይቶ ነው ወይስ ሪፖርት አንብቦ? የገለጸውን ነገር ገበሬው፣ ነጋዴውና ሸማቹ ያረጋግጡለታል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ያልተመለሱበት ዜና ባለቤቱ እንዳልታወቀ ጆንያ ነው፤ እህሉ ነቅዞ ቢገኝ የሚጠየቅበት ሰው የለም።

ሁለተኛው ጉድለት መለኪያ የሌለው ቁጥር ነው። በዚህ ረገድ ሠራተኛው ወገናችን በተደጋጋሚ ግራ ሲጋባ የምናየው «የዋጋ ንረት ቀነሰ» የሚለውን ዜና በሚሰማበት ጊዜ ነው። ዜናውን ሰምቶ በማግስቱ ገበያ ሲወጣ ዋጋው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ስለዚህ ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል። ብዙውን ጊዜ ግን ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ያልተነገረው ትርጉሙ ነው። ንረት ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት በ30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ጭማሪው ወደ 20 በመቶ ዝቅ ቢል ዜናው «ንረቱ ከ30 ወደ 20 ቀነሰ» ይላል። ዕቃው ግን 156 ብር ሆኗል። የሠራተኛው ደመወዝ በዚያው መጠን ካላደገ፣ ንረቱ የቀነሰበት ዓመት ለእርሱ ኑሮ የከፋበት ዓመት ነው። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ ይታወሳል። ከዚያ ከፍታ ላይ የሚደረግ ማንኛውም «መቀነስ» በዚህ ዓይን ካልተብራራ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ዜናው ያሳስታል።

ከዚሁ ጋር የመስፈሪያው ጉዳይ አለ። ዜናው «በኩንታል የ100 ብር ጭማሪ» ሲል በጅምላ ለሚገዛው ጥቂት ሊመስል ይችላል። በኪሎ ሲተረጎም 1 ብር ነው። ሆኖም የቀን ሠራተኛው በኩንታል አይገዛም። በኪሎ፣ ሁለት በኪሎ የሚሸምተው ከመጨረሻው ቸርቻሪ እጅ ነው፤ እዚያ እስኪደርስ በእያንዳንዱ እጅ ላይ የትራንስፖርትና የትርፍ ጭማሪ ይታከልበታል። ስለዚህ ገንዘብ ያነሰው ሰው ለአንዱ ኪሎ ብዙ የሚከፍልበት ሁኔታ አለ። የጤፍ ዋጋ ሲባልስ የትኛው ጤፍ ነው? ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው ወይስ ቀይ? በየትኛው ገበያ፣ በየትኛው ቀን? ይህ ሳይለይ የሚነገር ዋጋ የእህሉ ዓይነት ሳይታወቅ የተቆረጠ ዋጋ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ማስረጃ የሌለው ክስ ነው። ዋጋ በናረ ቁጥር «ስግብግብ ነጋዴዎች»፣ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚሉ ቃላት ከመዝገብ ይወጣሉ። አባቶቻችን በደርግ ዘመን በጋዜጣ ያነበቧቸው ቃላት ዛሬም በቴሌቪዥን መስኮት ይሰማሉ። እህል የሚደብቅ፣ ሚዛን የሚያጭበረብር፣ ጤፍ ላይ ባዕድ ነገር የሚቀላቅል ነጋዴ የለም አንልም፤ አለ፤ በሕግም መጠየቅ አለበት። ዳሩ ግን ጋዜጠኛው ክሱን ከመድገሙ በፊት ስንት ኩንታል፣ የት መጋዘን፣ በማን እጅ፣ ፍርድ ቤትስ ምን ወሰነ ብሎ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። አለዚያ አሻጥር የሚለው ቃል እውነተኛውን አሻጥረኛ መደበቂያ ይሆናል፤ ሁሉም ሲወቀስ ማንም አይጠየቅምና።

ገበያው የሚሠራበትን መንገድ ሳይረዱ መክሰስ የት እንደሚያደርስ ታሪካችን አስተምሮናል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ፣ ከነፃው ገበያ ዝቅ ባለ ቁርጥ ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር። በዘመኑ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለ ተሟላ ኮታ ነበር። ገበሬው ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ እየገዛ በርካሽ የሚያስረክብበት ጊዜ እንደነበረ ግን በዜና አልተነገረም። ኮታው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ። እንደገና በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በፓስታ፣ በሥጋና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ባወጀ ጊዜ ዝርዝሩ በቴሌቪዥን ተነበበ። ዋጋው በወረቀት ላይ ወረደ፤ ሸቀጡ ግን ከመደርደሪያ ጠፋ። ጣሪያውም በዚያው ዓመት ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ተነሣ። ከሁለቱም የምናገኘው ትምህርት የታወጀ ዋጋና የገበያ ዋጋ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የጋዜጠኛ ሥራ የሚጀምረውም በሁለቱ መካከል ካለው ክፍተት ላይ ነው።

የደላላውን ነገር እንውሰድ። በዜናችን ውስጥ ደላላ ማለት ሌባ ማለት ሆኗል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በፈረንጆች 2001 በታተመው ጥናታቸው የአዲስ አበባን የእህል ደላሎች አሠራር መርምረው ነበር። ያገኙትም ውጤት ሌላ መልክ አለው። በዚያን ጊዜ ደላላው በኩንታል ቁርጥ ክፍያ የሚያገኝ፣ እህሉን ለራሱ የማይነግድ፣ በሩቅ ያለው ነጋዴ ሳይመጣ አምኖ ጭነት የሚልክለት ሰው ነበር። ጥራት የሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት፣ ውል የሚያስከብር ፈጣን ዳኝነት በሌለበት ገበያ፣ መተማመን የሚመጣው በእርሱ በኩል ነበር። እኚሁ ባለሙያ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ ያገበያየው በቆሎን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ዋነኛ ሥራው ቡናና ሰሊጥ ሆነ፤ የምግብ እህሉ ንግድ በአብዛኛው በነባሩ መንገድ ቀጠለ። ለምን? ይህን ጥያቄ የሚመልስ አንድ ሰፊ ዘገባ ሸማቹን ከመቶ ውግዘት ይበልጥ ያነቃዋል።

በ2015 ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ የጤፍ ዋጋ በድንገት ባሻቀበ ጊዜም ይኸው ታይቷል። በመጀመሪያ የተወቀሰው ነጋዴው ነበር። እያደር ግን የጭነት መኪኖች በየኬላው ስለመታገዳቸው የሚነገረው ሮሮ እየጎላ መጣ። እህል በረንዳ ላይ ቆሞ ገቢ መኪና የሚቆጥር አንድ ዘጋቢ ቢኖር ኖሮ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ሊነግረን ይችል ነበር። ሾፌሩ የት እንደቆመና ስንት ቀን እንዳደረ ያውቃል፤ ጫኝና አውራጁም ሥራ ፈትቶ የዋለበትን ቀን ይቆጥራል። የጠፋው መረጃውን ፍለጋ የሚወርድ ሰው ነበር።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነጥብ እንሸጋገር። «ገበያው ተረጋግቷል» የሚለው ዜና ሙሉ በሙሉ እውነት ሆኖም ሕዝብ ሊራብ ይችላል። ይህ የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ በእኛው አገር ደርሷል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በፈረንጆች 1981 ባሳተመው መጽሐፉ የወሎን ረሃብ መርምሯል። የደረሰበትም መደምደሚያ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ እየረገፈ በነበረበት ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙ አለመራቁን፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበር ያሳያል። ገበሬው ሰብሉ ጠፍቶበት፣ ከብቱ አልቆበት፣ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃብ ዋጋን አያስወድድም። የዋጋ ሰሌዳ ብቻ የሚያይ ጋዜጠኛ በዚያን ቀን ደሴ ቢላክ ኖሮ «ገበያው የተረጋጋ ነው» ብሎ ይመለስ ነበር።

ያን ረሃብ የአገሪቱ ጋዜጦችና ራዲዮ አልነገሩም። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ለማሳየት ሲሞክሩ ተከለከሉ። ዓለም ያወቀው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ ነው። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ተቀናጅቶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው ቴሌቪዥናችን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አገሩ ሁሉ ያየው በዚያች ሌሊት ነበር።

ያን ጉልበት ያዩ ሰዎች ግን ከ10 ዓመት በኋላ ያንኑ ጥፋት ደገሙት። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ስለ መጪው ረሃብ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ግን ቴሌቪዥኑ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል፣ ሰልፉንና መብራቱን ሲያሳይ ሰነበተ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያነሳውን ምስል ይዞ ቀረበ። ዓለም ደነገጠ። እኛ በባዕድ አገር የጋዜጠኝነት ትምህርት በቀሰምንበት ጊዜ ከሚጠቀሱልን ምሳሌዎች አንዱ ይኸው የኮረም ፊልም ነበር። መምህራኑ ስለ ካሜራው አያያዝና ስለ ቃላቱ አመራረጥ ሲያስረዱ፣ ክፍሉ ውስጥ ላለነው ኢትዮጵያውያን የሚከነክነን ሌላ ነገር ነበር፤ የአገሬው ካሜራ በዚያን ሳምንት ወዴት ዞሮ ነበር?

በዚህ አጋጣሚ የባዕዱንም ዘገባ ሳንመዝን አናልፍም። የኮረም ምስሎች ብዙ ሕይወት የታደገ እርዳታ እንዲመጣ አድርገዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ረሃብተኛው ስም የሌለው፣ ሥራ የሌለው፣ እጁን ብቻ የዘረጋ ሰው ሆኖ ለዓለም ቀረበ። ጦርነቱ፣ የግብርናው ፖሊሲ፣ የገበያው መዘጋት በምስሉ ውስጥ ጎልተው አልወጡም። ከዚህም የተነሣ የኢትዮጵያ ስም በዓለም ፊት ከረሃብ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። የራሱን ጉድለት በራሱ አንደበት የማይናገር ሕዝብ፣ ሌላው በመሰለው ቋንቋ ሲናገርለት ይኖራል።

በዚህ ላይ የሚቀርብ አንድ ተቃውሞ አለ። «የእጥረት ዜና ቢነገር ሕዝቡ ይሸበራል፤ ያለው ሁሉ ሮጦ ይገዛል፤ ዋጋው ይብስ ይንራል» ይባላል። ስጋቱ መሠረት የለውም አንልም። በጥድፊያ የተነገረ፣ ያልተጣራ ወሬ ገበያን ሊያናጋ ይችላል። ነገር ግን ዝምታ ሽብርን አያስቀርም፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ወሬውን ለሌላ ማስረከብ ነው። ዛሬ እያንዳንዱ ሸማች በእጁ ስልክ ይዟል። ቴሌቪዥኑ ያልነገረውን ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ይነግሩታል፤ እነርሱ ደግሞ ጆንያውን ወግቶ የማየት ልማድ የላቸውም። እውነተኛው ዋጋ በየዕለቱ በግልጽ ቢነገር ድንገተኛ ድንጋጤ አይኖርም። ሕዝብን የሚያሸብረው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ሳይሆን ተደብቆ ቆይቶ በአንድ ቀን የሚፈነዳበት ነገር ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለውን ተረት የሚያስታውሱን አሉ። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ትዕግሥት ይበጀዋል። የዕለት ጉርሱን በዕለት ጉልበቱ ለሚያገኝ ሰው ግን እውነቱ እያደር እስኪጠራ መጠበቅ ማለት እየተራቡ ማደር ማለት ነው። የወሎ እውነት ጠርቷል፤ የጠራው ግን የሞቱት ከሞቱ በኋላ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከዚህ የሚከተለው ሐሳባችን ቀላልና በእጅ ያለ ነው።

በመገናኛ ብዙኃን በኩል፣ የኑሮ ዜና ቦታው ገበያው ይሁን። ሌሊት መኪና በሚራገፍበት ሰዓት እህል በረንዳ የሚገኝ ቋሚ ዘጋቢ ያስፈልጋል። የእህሉ ዓይነት፣ የመጣበት አገር፣ የጅምላና የችርቻሮ ዋጋ፣ የገባው መኪና ብዛት ተለይቶ ይነገር። ከሁሉም በላይ ዋጋ ብቻውን አይነገር። ከዋጋው ጎን «የአንድ ቀን ሥራ ስንት ኪሎ ይገዛል?» የሚለው ጥያቄ ይመለስ። የጫኝና አውራጁ፣ የግንባታ ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ የቀን ገቢ ታውቆ በኪሎ ጤፍና በኪሎ ስንዴ ይለካ። ዋጋው ባለበት ቆሞ የሠራተኛው ገቢ ቢወርድ ይህ መለኪያ ወዲያው ያሳያል፤ በ1965 ዓ.ም. ደሴ ላይ የጠፋው መለኪያ ይኸው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝን በጥናት የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ደንግጓል። እንዲህ ያለ ዕለታዊ መለኪያ ያለው ጋዜጣ ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ በባዶ እጁ አይቆምም።

በማኅበራት በኩል ደግሞ ሥራው ከዜናው ሊቀድም ይችላል። እያንዳንዱ የሸማቾች ማኅበር በሱቁ ደጃፍ አንድ ሰሌዳ ይትከል። በሰሌዳው ላይ የእህሉ ዓይነት፣ የኪሎ ዋጋው፣ ቀኑና የአካባቢው የቀን ሠራተኛ ገቢ በየሳምንቱ ይጻፍ። ዕድርተኛው ከቀብርና ከድንኳን ጉዳይ ባሻገር በወር አንድ ጊዜ ይህን ሰሌዳ አይቶ ይወያይበት። የአንዱ አካባቢ ሰሌዳ ከሌላው ሲተያይ የት ጭማሪ እንደተደረገ፣ የት ሚዛን እንደጎደለ ይታወቃል። ይህን ለመሥራት ጠመኔና ታማኝ እጅ ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶች ዋጋውን በቃላቸው ይዘው ይመጣሉና፣ ማንም ከዚህ ሥራ ውጭ አይሆንም።

ተመልካቹም የራሱ ድርሻ አለው። «ገበያው ተረጋጋ» ሲባል በማን ገቢ ተለክቶ? «ንረቱ ቀነሰ» ሲባል ዋጋው ነው ወይስ ፍጥነቱ? «አሻጥረኞች ተያዙ» ሲባል ስንት፣ የት፣ በምን ማስረጃ? «ተገለጸ» ሲባል ማን ገለጸ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በሻይ ቤትም፣ በማኅበር ስብሰባም፣ በፋብሪካ ምሳ ሰዓትም ደጋግመን እንጠይቅ። ጠያቂ የበዛበት ዜና ሳይወድ በግድ ይጠራል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ላይ መሳቅ ቀላል ነው፤ ሣቁ ግን የኪሎውን ዋጋ አያወርድም፤ ዘጋቢውንም ከስብሰባ አዳራሽ አያወጣም። ጥያቄ ግን ያወጣዋል።

ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል። እህሉ ግን ይጫናል፤ ይራገፋል፤ ይመዘናል፤ ከዚያም በአንድ ቤት ምጣድ ላይ እንጀራ ሆኖ ይወጣል ወይም ሳይወጣ ይቀራል። የኑሮ ዜና እውነትነት የሚፈተነው እዚያ ምጣድ ላይ ነው። ስለሆነም ዜናውን የሚጽፈውም፣ የሚያነበውም፣ የሚሰማውም ወገን እህል በረንዳ የሚያውቀውን ሕግ ይጠብቅ፤ ከላይ የሚታየውን ብቻ አይቶ አይግዛ፣ አይሽጥም።

እህሉም ዜናውም ይመዘን!